ሲስተር ፅጌ ውሸት አይሆንላትም

እኔ ሰው አሞግሼ አላውቅም። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ካላቸው ሴቶች ሁሉ በአፌ የምፈራው እኔ ምኞት ነኝ። ስለ ሲስተር ፅጌ ግን ዝም ብል ይቆጨኛል። የማወራው የእህቴን ገመና ስለሆነ አስቀድሜ አስፈቅጃታለሁ።

ፅጌ ከሌላ ዞን ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ጎረቤቷ አራስ ልጇን አሳይታት «አያምርም?» ስትላት «ክብደቱ ያንሳል፤ ሰኞ አምጪው» ያለች ሴት ናት። ክረምት ፎገራ ውሃ ሲሞላ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ እየገባች፣ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ልታስተምር ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለች። ማንም አላዘዛትም።

አንድ ጊዜ ግን ተሳሳተች። ቁሐር ሚካኤል ቅዳሴ ሲያልቅ ሴቶቹን ከዋርካው ጥላ ሰብስባ፣ በሽታው በቫይረስ እንደሚመጣ፣ ቫይረሱም በግንኙነት እንደሚተላለፍ እቅጩን ነገረቻቸው። እውነት ነው፤ ለማን እንደምትናገር ግን አላሰበችም። በእኛ አገር የቄስ ሚስት ስሟ በክፉ ከተነሣ ባሏ ቤተ መቅደስ መግባቱ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲትም የቄስ ሚስት ለምርመራ አልመጣችም። ፅጌ ነገሩ ሲገባት አላስተባበለችም፤ በየቤታቸው እየሄደች ይቅርታ ጠየቀች። ቢሆንም የሚመጣ አልተገኘም።

እህቴ አመተ ሥላሴ የቄስ ተክለ ሃይማኖት ሚስት ናት። ከተጋቡ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አምና ጥምቀት እንዳለፈ ሩዝ ልታስፈለፍል የመጣች መስላ ወረታ ገባችና በጓሮ በር ይዣት ጤና ጣቢያ ሄድን። ፅጌ ጥጥ በአቸቶ ነክራ የማህፀኗን በር ስትቀባው ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር ወጣ። ካንሰር አይደለም፣ ከተተወ ግን ሊሆን ይችላል አለች። በመሣሪያ ሙቀት ለመተኮስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁስሉ እስኪሽር ባልና ሚስት አንድ ወር ያህል ለየብቻ መተኛት አለባቸው። ጾም ቢሆን ኖሮ ማንም ባልጠየቀ ነበር። ጥር ግን የሰርግ ወር ነው።

እህቴ ባሏ ሳያውቁ እንደማይሆን ሲገባት «እንግዲያውስ ይቅርብኝ» ብላ ነጠላዋን አነሣች። ከስሟ መጥፋት ሞቷን መረጠች እላችኋለሁ። ደሜ ፈላ። ፅጌን ወደ ጥግ ስቤ፣ ለቄሱ ከክረምቱ ጎርፍ ውሃ የመጣ ነው በያቸው፣ ማን ያጣራል አልኳት።

«ዛሬ ውሃ ነው ካልኩ፣ ነገ ሌላዋ ሴት ቦት ጫማ ገዝታ የዳነች ይመስላታል» አለችኝ።

ሰደብኳት። ስድቤን ቁጭ ብላ ጨርሳ ሰማችና ወደ እህቴ ዞራ፣ ከፈቀደችላት እሷ ራሷ ለባሏ እንደምታስረዳ ነገረቻት። እህቴ ስታለቅስ ቆይታ እሺ አለች።

በማግስቱ ቄስ ተክለ ሃይማኖት መጡ። ፅጌ ወንበር ሰጥታ ከራሳቸው እጅ ጀመረች። ሩዝ ሲያጭዱ ማጭድ ጣት ቢቆርጥ ሰውነት በቁስሉ ዙሪያ ላሉ ሕዋሳት «እደጉ» የሚል መልእክት ይልካል፤ በሕዋሱ ውስጥ ተኝተው የነበሩ የእድገት ዘረመሎች ይነቃሉ፤ ቁስሉ ሲገጥም መልሰው ይተኛሉ አለቻቸው። ይህ ቫይረስ ግን የራሱን ዘረመል ይዞ ይገባል። ቁስል ሳይኖር፣ መልእክት ሳይላክ፣ የእድገቱን ዘረመሎች ያነቃቸዋል፤ «በቃ» የሚለውንም ያፍነዋል። ሕዋሱ የገዛ ሥራውን የሚሠራ ይመስለዋል፤ ማቆሚያ ብቻ አጥቷል። እኔ እድሜዬን ሙሉ ካንሰር እርግማን ይመስለኝ ነበር። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ቄሱ ጨርሰው ከሰሙ በኋላ፣ «ከየት መጣ?» አሉ።

እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ፅጌን በዓይኔ ለመንኳት።

«አላውቅም አባቴ» አለች ፅጌ። «ምርመራው የሚያሳየኝ ሕመሙን ነው፤ የመጣበትን መንገድ አይደለም። ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ከባልም ከሚስትም ሊሆን ይችላል። አንዱን መርጬ ብነግርዎ እዋሻለሁ።»

በቄስ ፊት «ከባልም» ብላ ስትናገር ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቄስ ተክለ ሃይማኖት መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሩ።

«ለጠየቀሽ ሁሉ ከባሌ ነው በይ።»

ፅጌ ደንግጣ፣ «እኔ እንደዚያ አላልኩም አባቴ» አለች።

«አንቺ የምታውቂውን ተናገርሽ ልጄ። እኔም የማውቀውን ነው የተናገርኩ።»

እህቴ በዚያው ሰዓት ታከመች። እሳቸው ከሴቶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ለንስሐ አባታቸው የነገሩትን አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ቤተ መቅደስ አይገቡም፤ ቁሐር ሚካኤል ከምእመናኑ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ። የእህቴን ስም በክፉ ያነሣ ሰው የለም። የእኔ የጎርፍ ውሃ ውሸት ተሳክቶ ቢሆን፣ እህቴ ምን አድርጌ ይሆን እያለች ስትቆፍር ትኖር ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

ዘንድሮ ለዳግም ምርመራ ስትመጣ ቄስ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው ይዘዋት መጡ፣ በፊት ለፊቱ በር። ከኋላቸው ሁለት የቄስ ሚስቶች ነበሩ፤ ማንም ሳይገፋቸው ሰልፉ ላይ ቆሙ። ፅጌ ቀና ብላ አየቻቸውና ካርድ እንዲያወጡ ነገረቻቸው።