ደመና ላይ የቆመችው ሴት

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት እህትሽ ልትሞት ነው ተብዬ ነው። ታማ ቢሆን እሺ። አልታመመችም። አንኮበር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ፣ ደመና ውስጥ አንዲት ግዙፍ ጥቁር ሴት አየች። በሴትዮዋ ራስ ዙሪያ የቀስተ ደመና ቀለበት ነበር አሉ። «ያቺን ያየ ዓመት አይደግምም» ይላል አገሬው። በቃ፣ እህቴ ዘነበች እህል አልቀምስም ብላ ተኛች። መልእክተኛው «መግነዣዋንም ገዝታለች» ሲለኝ እንዝርቴን አስቀምጬ ተነሳሁ። ታላቄ ናት፤ ግን እኔን ሳታማክር እንዴት ትሞታለች?

የልጅ ልጄን ጸዳለን አስከተልኩ። አስተማሪ ልትሆን የምትማር ናት፤ ይኸን የማወራውን የምትጽፈውም እሷ ናት። ነገሩን ስነግራት ምንም አልመሰላት።

«እማማ፣ እሱማ መጽሐፋችን ላይ አለ። ጥላ ነው።»

«የማን ጥላ?»

«የራሳቸው።»

«እንግዲያው መጽሐፉን ያዢው» አልኳት።

መንገድ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እህል ጭኖ በሚሄድ መኪና ተሳፈርን። ሾፌሩ በሰው አንድ ብር አለ። «እኔ ጥርሴ አልቋል፣ ሙሉ ሰው አይደለሁም» ስለው ሳቀና ስሙኒ ቀነሰልኝ። ከጆንያው ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን፣ ገብሱን፣ በጉን፣ የድንጋይ አጥሩን እያየን ሄድን። ከሰዓት በኋላ ግን መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ መኪናው እምቢ አለ፤ በእግር ቀጠልን።

ከዚያ ጉም መጣ። ከላይ አይምሰላችሁ፣ ከገደሉ ሥር እየተሳበ ነው የሚወጣው። የገዛ እግሬ ጠፋኝ። ከእግራችን በታች ሰው ሲያወራ እንሰማለን፤ ሰው የለም። የአህያ ኮቴ ይሰማል፤ አህያ የለም። ጸዳለ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ጉሙ።

«እንደምን ዋልክ» አልኩት። «ሰው ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን ሰው ነኝ።» አንድ ፂማም ሰውዬ ብቅ አለ፤ ከአልዩ አምባ ጥጥ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ወዴት እንደምንሄድ ስነግረው ሳቁ ጠፋ። «ከአስር ሰዓት በኋላ እዚያ አፋፍ ላይ አትቁሙ፣ እናቴ። እኔ እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።»

አህዮቹን ነድቶ ሄደ። ወዲያው ጉሙ ዋጠው፤ ኮቴው ብቻ ቀረ።

እህቴ ቤት

ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ጉንጯ ገብቷል። መግነዣው ከራስጌዋ ተሰቅሏል፣ ነጭ፣ አዲስ።

«መጣሽ?» አለችኝ። «ለልቅሶዬ ቀድመሽ ልትደርሺ?»

«እትዬ፣ እንግዳ በደረቁ ትቀበያለሽ?»

በሶ በጠበጥኩላት። አልነካችውም። ጸዳለ አጠገቧ ተቀምጣ መጽሐፏን ገለጠች፤ ብርሃን ሲጋረድ ጥላ ይሆናል ብላ እንደ ዳዊት ወረደችው። ዘነበች ሰምታ ሰምታ ዞረች።

«ልጄ፣ ጥላ መሬት ላይ ይተኛል። እኔ ያየኋት ቆማለች።»

ጸዳለ ኩራዙን አንስታ እጇን ፊቱ ዘረጋች። የአምስት ጣቶቿ ጥላ ግድግዳው ላይ ቆመ።

«ይኸው፣ ቆመ።»

«እሱማ ግድግዳ አለው። ገደል ላይ ግድግዳ ማን ሠራ?»

«ጉሙ ነው ግድግዳው፣ እትዬ።»

«አይተሽዋል?»

ልጅቷ ኩራዙን መልሳ አስቀመጠች። አላየችማ።

በማግስቱ

መጽሐፉ ላይ አንድ ሰውዬ ተራራ ላይ ቆሞ ጸሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ እኔና ጸዳለ አፋፉ ላይ ሄደን ቆምን። ቆላው በሙሉ ጉም ነው፣ ወተት የሞላ ይመስላል። ጸሐይ ከዚያ ከቆላው ወገን ወጣች፣ ዓይናችንን ወጋችው። ሌላ ምንም የለም።

ተመልሰን ስንነግራት ዘነበች ራሷን ነቀነቀች። «ለኔ ብቻ ነው የመጣችው» አለችና ያስቀመጥኩላትን ውኃ እንኳ ገፋችው። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ጉሙን አይደለም የፈራሁት። ውኃ የገፋ ሰው ስንት ቀን አለው?

ጸዳለ ገጽ ታገላብጣለች። እኔ ፊደል የለኝ፣ ምን ላገላብጥ? እህቴን ጠየቅኳት።

«ስታያት ጸሐይ የት ነበረች?»

«ጸሐይ አየሁ ወይ እኔ? ማጅራቴን ታቃጥለኝ ነበር።»

ጸዳለ መጽሐፏን ዘጋች። «ማጅራት» አለች። «እማማ፣ ከኋላ ነበረች። የመጽሐፉ ገደል ወደ ምዕራብ የዞረ ነው። የኛ ወደ ምሥራቅ ነው፤ አመሻሽ ላይ ነው የምትታየው።»

ላሞቹ ሲገቡ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ «ተነሺ» አልናት። እምቢ። መግነዣውን ከተሰቀለበት አወረድኩና ተከናነብኩት።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ካልፈለግሽው እኔ ለብሼው ልሙት። እኔም ላያት መሄዴ ነው።»

«አውልቂ፣ አንቺ መዓተኛ።» ዱላዋን ይዛ ተነሳች። ስንት ቀን እህል ያልቀመሰች ሴት እየተንገዳገደች፣ ጸዳለ ደግፋት፣ እስከ አፋፉ ድረስ ተከተለችኝ።

ጉሙ እግራችን ድረስ ሞልቷል። ጸሐይ ማጅራቴን ነካችኝ። ቀና አልኩ።

ቆመዋል። ሦስት ናቸው፣ እንደ ዋርካ የረዘሙ፣ ጥቁር፣ እግራቸው ገደሉ ውስጥ የሚጠፋ። በአንደኛዋ ራስ ዙሪያ ቀይና አረንጓዴ ቀለበት። ወፍ እንኳ አልጮኸም።

«ቀለበቱ በኔ ራስ ላይ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«በኔ ነው እንጂ» አለች ዘነበች።

«የሁላችንም በየራሳችን ነው» አለች ጸዳለ። «የሌላው አይታየንም።»

«በመግነዣዬ ቆመሽ ደግሞ ቅድስት ልትሆኚብኝ?» ብላ ዘነበች ዱላዋን ሰነዘረችብኝ። ደመናው ላይ ያለችውም ሰነዘረች። እህቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ አወረደችው። ያቺም አወረደች። እንደገና አነሳች። ያቺም አነሳች።

ብዙ ጊዜ እንዲህ አደረገች።

«እኔው ነኝ እንዴ?» አለች በመጨረሻ። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «ራበኝ።»

ስንመለስ ከኋላ ቀርታ የምትንቀጠቀጠው ጸዳለ ነበረች። «የምታውቂው አይደል?» ስላት፣ «ማወቅና ፊቱ መቆም ለየቅል ነው፣ እማማ» አለችኝ። ዘነበች የዚያን ዕለት ገንፎ በላች፤ ቅቤው አነሰ ብላም ተቆጣች።

ቤቴ

ከሦስት ቀን በኋላ ደብረ ብርሃን ገባን። ጸዳለ ለልምምድ ልጆች ስታስተምር መጀመሪያ ወደ ሜዳ አወጣቻቸው አሉ፤ «ማጅራታችሁን ምን ይሰማዋል?» ብላ ነው የጀመረችው። መጽሐፉ ሥዕል አለው፣ ማጅራት የለውም። እህቴ ማጅራት አላት፣ መጽሐፍ የላትም። ያን ሳምንት ሁለቱ ባይገናኙ እቀብራት ነበር።

ዘነበች በመኪና መግነዣውን ላከችልኝ። «በቁመትሽ ልክ ነው፣ ላንቺ ይሁን» ብላ። አልተከፋሁም፣ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። አመሻሽ ላይ ጸሐይ በበሩ ገብታ ጀርባዬን ስታሞቀኝ፣ ጨርቁ ላይ አንዲት ሴት ትቆማለች። እኔው እንደሆንኩ አውቃለሁ።

ቢሆንም እጄን አነሳለሁ። እሷም እስክታነሳ እጠብቃለሁ።