የእናቴ ሳልና የእኔ ሌባ ጣት

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ቆርቆሮ መዳፌን ቆርጦኝ የሌባ ጣቴን ነርቭ በጠሰው። ቁስሉ ቢድንም ጣቴ ደነዘዘ። አንድ ቀን የሱሪ ጫፍ በእጄ ስጠልፍ የጣቴን ቆዳ አብሬ ሰፍቼው ኖሮ፣ ደንበኛዬ ሱሪውን ተቀብሎ ሲሄድ እኔም ተከተልኩት።

"ሱሪዬን እንጂ አንተን መች አሰፋሁ!" አለኝ።

አብሬው ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። በደነዘዘ ጣት ልብስ አይሰፋም፤ ሌላ ሙያ ደግሞ የለኝም።

እዚያው ደሴ አንድ ሐኪም አዲስ ቀዶ ሕክምና እየሞከሩ ነበር። የተበጠሰውን ነርቭ ሁለት ጫፎች በቀጭን ቱቦ ያገናኙና ነርቩ በቱቦው ውስጥ እንዲያድግ ይጠብቃሉ። "ላይሠራም ይችላል" አሉኝ። ተስማማሁ፤ ተሠራልኝ፤ ወራት ጠበቅን።

ለምርመራው እናቴ ከኮምቦልቻ መጣች። ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍነው ጣቴን በቀጭን ክር ይነካሉ፤ ከተሰማኝ "አዎ" እላለሁ። እናቴ ከኋላቸው ተቀምጣ ክሩ ባረፈ ቁጥር "እህም!" ትላለች። ይህን ሳል አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እንግዳ ፊት ሥጋ ሥጋውን ስመርጥ የምትገስጸኝ በሱ ነበር። በሳሏ ቁጥር "አዎ!" አልኩ። ሐኪሙ ፊታቸው በራ።

ከዚያ እናቴን እውነተኛ ሳል ያዛት።

"አዎ! አዎ! አዎ! አዎ!" አልኩ።

"እኔ እኮ መነጽሬን እየጠረግኩ ነው" አሉ ሐኪሙ። ዞር ብለውም "እናቴ፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁን" አሏት።

"ፈተናውን ከወደቀ ጣቱን ትቆርጡታላችሁ ብዬ ነው፣ ወላሂ!" ብላ ወጣች።

እሷ ከወጣች በኋላ ሐኪሙ ደጋግመው በክሩ ነኩኝ። ምንም አልተሰማኝም። ሐኪሙ "ከምሳ በኋላ በወፍራሙ ክር እንሞክራለን" አሉ።

ምሳ ቤት ውስጥ እናቴ "በል አጉርሰኝ" አለችኝ። ጠቅልዬ ሳጎርሳት ሌባ ጣቴን ነከሰችው።

"ወይኔ እማ!"

ቤቱ ሙሉ ወደ እኛ ዞረ። እናቴ አፏ እንደሞላ እልልታዋን አቀለጠችው። አስተናጋጁ ሙሽራ ያለ መስሎት አጨበጨበ።

ከምሳ በኋላ ሐኪሙ እናቴን ከበሩ ውጭ አስቀምጠው ዓይኔን አስጨፈኑኝ። ፈራሁ። ከዚያ ጣቴ ጫፍ ላይ አንድ ነገር፣ ዝንብ ያረፈች ያህል፣ ተጫነኝ።

"አዎ" አልኩ።

"እህም!" አለች እናቴ ከበሩ ውጭ፤ ግን ቀድሜያታለሁ።