በእኔ ቦታ የተቀመጠችው ሴት

ስልኩ ሲጠራ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችው ሱቄ ውስጥ የልጆች ሹራብ እየሰቀልኩ ነበር። የልጄ የክፍል ኃላፊ መምህር ነው።

«እናቷ ነዎት አይደል? ልጅዎ የሰጠችኝ ስልክ ዝግ ሲሆንብኝ ቁጥርዎን ከመመዝገቢያው ላይ አገኘሁት። ነገ ጠዋት ከስብሰባው እንዳይቀሩብን ብዬ ነው። ባለፈው የተናገሩት ብዙ ወላጅ ነክቷል።»

እኔ ካስመዘገብኳት ወዲህ እዚያ ትምህርት ቤት ረግጬ አላውቅም።

«ድምፅዎ ተለወጠብኝ፤ ጉንፋን ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ይዞኛል» አልኩት። ሹራቡን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ።

ወላጅ አምጣ የተባለ ተማሪ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ለምኖ አባቴ ነው ብሎ ይዞ መግባቱ በአራዳ አዲስ ነገር አይደለም። ስንቱን ሰምቼ ስቄያለሁ። በራሴ ሲመጣ ግን ሳቁ ጠፋኝ። አንዲት ሴት በእኔ ስም ትገባለች፣ በእኔ ቦታ ትቀመጣለች፣ ልጄን «ልጄ» ትላለች። ማናት? ደላላ ትሆን? ሴት ልጅ አባብለው አረብ አገር የሚልኩ፣ ከዚያም የከፋ የሚሠሩ ሰዎች ወሬ ሱቄ ድረስ በየቀኑ ይመጣል። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ለማታለል ደግሞ ምን ይከብዳል?

ማታ ልጄ እራቷን ስትበላ ዓይን ዓይኗን አየኋት። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ነገር አላሳድርም። «አንድ ቀን ወላጅ አምጪ ብትባዪ ትምህርቱ በቃ፣ ሱቅ ትገቢያለሽ» እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ያን ዕለት ግን አፌ ተሳሰረ። አንዲት ቃል ብናገር ከዚያች ሴት ጋር ትጠፋብኛለች ብዬ ፈራሁ።

ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ትምህርት ቤቷ ወዳለበት አምስት ኪሎ ወጣሁ። በሩ ላይ ዘበኛው «ሁሉም ከራሱ ልጅ ጋር ይቀመጥ! የውሸት ወላጅ ይዞ የመጣ ተማሪ ባለፈው ተባሯል!» እያለ ይጮኻል።

አዳራሹ ውስጥ ተማሪና ወላጅ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤቱ በቅርቡ ያመጣው ደንብ ነው፤ ወላጅ ለጥፋት ብቻ ከሚጠራ መጥቶ የልጁን ጭንቀትም ይናገር ብለው ነው። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጄን አየኋት። አጠገቧ ያለችውንም አወቅኳት። ከቤታችን በታች ባለችው ጠባብ ክፍል ልጄን ሹሩባ የምትሠራት ሴት ናት። ደላላ አለመሆኗን አይቼ እፎይ ከማለቴ ተነስታ መናገር ጀመረች።

«ልጄ የምታረፍደው ሰንፋ አይደለም፤ ባለፈውም ብያለሁ» አለች። «ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ በቆርቆሮ አጥሩ ሥር ያለው መንገድ ጭር ብሏል። አንድ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቆሞ ይጠብቃታል። የሚያልፍ ሰው እስክታገኝ ተደብቃ ትቆያለች። እስከ አሁን ይከተላት ነበር፤ ትናንት ግን እጇን ያዛት። እንደምንም ነው ያመለጠችው።»

ትናንት! እራት ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ለሹሩባ ሠሪዋ የነገረችውን ለእኔ አልነገረችኝም፤ ሱቁን ነበር የፈራችው። እኔም በዚያ መንገድ አልፌ ነው የመጣሁት፣ የታየኝ ነገር አልነበረም።

መምህሩ ወደ ወላጆቹ ዞሮ «ከዚያ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አጅቦ ሊያመጣ የሚችል ወላጅ አለ?» ሲል ጠየቀ። ሳላስበው እጄን አወጣሁ።

«እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልጄም ዞረች። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሹሩባ ሠሪዋ ጉያ ውስጥ ሽጉጥ አለች። ያን ሰውዬ ስታይ ምን እንደምትሆን አላውቅም፤ ከዚህ የባሰ ግን የምትፈራ አይመስለኝም። ሴትየዋም እንደቆመች ደርቃ ቀረች። እናቷ ነኝ ብል ልጄ ዛሬውኑ ትባረራለች።

«አክስቷ ነኝ» አልኩ ወደ ልጄ እያመለከትኩ። «የእኅቴ ልጅ ናት። ከነገ ጀምሮ እኔ አመጣታለሁ።»