አመድማው ቀለበት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ፣ አገጬን መሣሪያው ላይ ሳስደግፍ ቀዝቃዛ ብረት ቅንድቤን ነካኝ። የፊዚክስ መምህራችን ትዝ አለኝ።

ከእኛ ከተማሪዎቹ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ነበር። በጥቅምት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቴሌስኮፑን ይዞ እኔንና ጓደኛዬን አንኮበር ወሰደን። ጓደኛዬ ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው የአሊዩ አምባ ልጅ ስለነበረች ማደሪያችን እናቷ ቤት ነበር።

ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ ከገደሉ ሥር ወጣ። ሣሩ ገና ክረምት ክረምት ይሸታል፤ ከቆላው አዛን በነፋስ እየተቆራረጠ ይመጣል። መምህሩ ቴሌስኮፑን ሲያስተካክል ስልኩ ጮኸ። ፈንጠር ብሎ አናገረ፤ "እሺ... እሺ" ሲል ብቻ ሰማሁ። ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

"ተራ በተራ እዩ፤ አትቸኩሉ።"

ዓይኔን ሳስጠጋ ቀዝቃዛው ብረት ቅንድቤን ነካኝ፤ ያየሁት የጭስ ትንፋሽ የመሰለ ትንሽ አመድማ ቀለበት ነበር። የፊዚክስ መጽሐፋችን ሥዕል ላይ ያለው ቀይና አረንጓዴ የለም።

"ቀለሙን የሚያወጣው ካሜራ ነው፤ ለዓይን ብርሃኑ ያንሳል" አለ። "ይህን ዓይነቱን ፕላኔታሪ ኔቡላ ያሉትም የድሮ ሰዎች በደካማ መሣሪያ ሲያዩት ፕላኔት መስሏቸው ነው። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ሲያረጅ ያብጣል፤ የላይ አካሉን ወደ ውጭ ይለቃል። መሐል የቀረው ትኩስ እምብርት ያንን ጋዝ ያበራዋል።"

"ኮከቡ ሞተ ማለት ነው?" አለች ጓደኛዬ።

መምህሩ የቴሌስኮፑን አፍ ከደነ። ከዚያ፣ ክፍል ውስጥ በሚያስተምርበት ድምፅ፣ "ወንድሜ ዐረፈ አሉኝ፤ አሁን ነው የደወሉት። ዛሬ ቀብረውታል" አለ።

ወደ አገሩ የሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ጓደኛዬ "ኢና ሊላሂ" ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ያሰብኩት ግን የቴሌስኮፑ ብሎን በደነዘዘ ጣቴ እንዴት እንደሚፈታ ብቻ ነበር።

ቁልቁል ወርደን አሊዩ አምባ ስንደርስ ጓደኛዬ በር ላይ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናትየው እራቱን ትተው ደጅ ሰሌን አነጠፉ፤ ጎረቤት አስጠሩ። ሰው አንድ በአንድ መጣ፤ "አላህ ያጽናህ" እያለ ተቀመጠ። ሟቹን የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

እናትየው ከመምህሩ ጎን ተቀመጡ።

"ስሙ ማን ነበር፣ ልጄ?"

ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ስሙ ግን ለቅሶ ሆኖ ወጣ። ደግመው አልጠየቁትም፤ እጁን ይዘው ቆዩ።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አላለቀስኩም። የወንድሙን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም።