የሽማግሌው እንባ

በኛ ቤት ትወና እንደ መሬት ነው የሚወረሰው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ሳይቀር የታወቀ። አያቴ ከሚሴ ባለው የኪነት ቡድን ውስጥ ሁሌም ሽማግሌ ነበር፤ ፂሙ ገና ሳይሸብት ጀምሮ፣ የተጣላ እያስታረቀ የሚያለቅስ ሽማግሌ። አባቴ ደግሞ ሁሌም ሌባ። የኔ ድርሻ ምን ይሆን እያልኩ ነው ያደግሁት።

እናቴ ብቻ ተዋናይ አይደለችም። እሷ ተመልካች ናት፣ ያውም የማትራራ። ቴሌቪዥን ላይ አንዷ ስታለቅስ «ኧረ ተይን እቴ! አይኗ እንኳ አልቀላም» ትልና ትነሳለች። ይሄ ጥርጣሬዋ ከየት መጣ? ልጅ ሆኜ ሳልጠይቃት ውዬ አላድርም ነበር። አንዴ ትንሽ፣ ሌላ ጊዜ ትንሽ እያለች ነገረችኝ።

አባቴ ሊያገባት ባሰበ ሰሞን ቡድኑ በየገበያው እየዞረ ያሳይ ነበር። ሰንበቴ ከተማ ላይ፣ ከብት ተራው አጠገብ፣ አባቴ በሬ ሰረቀ። ጨዋታው ላይ ነው እንግዲህ፤ በሬው ግን እውነተኛ ነው፣ ከነጋዴ የተለመነ። በአንድ እጁ የበሬውን አንገት እያሻሸ በሌላው ገመዱን ሲፈታ በሬው ትንፍሽ አላለም። ገበያተኛው በሳቅ ሞተ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ ከጨፋ ሮቢት በሬ ሊሸጥ የመጣው የእናቴ አባት።

ሽማግሌ ሲላክበት «ወላሂ አልሰጥም! ያልሰረቀ እጅ ገመድ እንዲያ አይፈታም» አለ።

«ጨዋታ እኮ ነው» ቢሉት «በሬውስ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል?» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ደጋግመው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በመጨረሻ አያቴ ራሱ ሄደ። ደጅ ቆሞ፣ ቃል ሳይሰጡኝ አልቀመጥም ብሎ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። የእናቴ አባት በርጩማ ገፋ አድርጎለት «በል ተቀመጥ» አለው። በቃ፣ እናቴ ተሰጠች።

ታዲያ እናቴ ወጥታ የአያቴን እጅ ስትስም ሽንኩርት ሸተታት። ካገባች በኋላ ነው አባቴ እየሳቀ፣ አያቴ መድረክ ላይ የሚያለቅሰው ኪሱ ውስጥ በሚይዘው ግማሽ ሽንኩርት እንደሆነ የነገራት። እሱ ተናግሮ ረሳው። እሷ አልረሳችም። «እኔ በሽንኩርት የተዳርኩ ነኝ» ትላለች፤ እየሳቀች ትጀምረዋለች፣ ግን ሳቁ መሀል ላይ ይቋረጥባታል። ከልብ ተለምና መምጣቷን ማወቅ ነበር የምትፈልገው። ግን አማቷን፣ ትልቁን ሰውዬ፣ «እንባዎ እውነት ነበር?» ብላ በምን አፏ ትጠይቅ!

እኔም አደግኩና በቪዲዮ ፊልሙ ዘመን ደረስኩ። የመጀመሪያ ፊልሜ ላይ አልቅሺ ተባልኩ፤ እንባው እምቢ አለ። ዳይሬክተሩ የአይን ጠብታ ሲያወጣ እኔ ሰበብ አገኘሁ፤ አያቴን እንዴት እንደሚለቀስ ልጠይቅ ብዬ ከሚሴ ገባሁ። አያቴ ማንጎው ጥላ ስር ተጋድሟል። እናቴ ጓዳው በር ላይ፣ ለምሳ የሚሆን ሽንኩርት ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቢላዋ ይዛ ተቀምጣለች።

«አባባ፣ እናቴን ልትለምን ስትሄድ ሽንኩርቱን ይዘህ ነበር?» አልኩት።

የእናቴ እጅ ከነቢላዋው ባለበት ቀረ።

አያቴ እፍረት አያውቅም። «ይዤ ነበራ! ኪሴ ውስጥ እየጨመቅኩት ነበር» አለ። ከዚያ ተነስቶ ተቀመጠ። «ሰውዬው ‹ልጅህ ሌባ ነው› አለኝ። ገመዱን እንዲያ እንዲፈታ ያስተማርኩት እኔ ነኛ፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ! በኔ ጨዋታ ልጄ ሚስት ሊያጣ ነው። ቀና ስል ደግሞ እናትሽ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አባቷን በአይኗ ስትለምነው አየሁ። ያ ረቢ! ይቺን ልጅ ሳልይዝ ቤቴ አልገባም አልኩ። እጄን ከኪሴ ሳላወጣ እንባዬ ቀደመኝ።»

ወደ እናቴ ዞርኩ።

«አሁንም እየተወኑ እንዳይሆን» አለች። በሻሿ ጫፍ አይኗን ጠረገች።

«ምነው እማዬ?»

«ሽንኩርቱ ነዋ!» አለች።

ሽንኩርቱ ጭኗ ላይ ነው፤ ገና አልተላጠም።