ለኮሚቴው «አልደረሰኝም» ያልኩት ወረቀት

ይህን እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ዛሬ ለአንተ ለምታነበው እናገራለሁ፤ ጨርሼ ሳልናገር ደግሞ እስክሪብቶዬን አላስቀምጥም።

ጅጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አጠራጣሪ ኢሜይል እንዴት እንደሚለይ ሠራተኞቹን እንዳሠለጥን ታዘዝኩ። የማታውቁት ሰው የላከውን አትክፈቱ፣ የሚያጠራጥር ነገር ስታዩ ቶሎ ንገሩኝ አልኳቸው። ከሁሉ ቀድማ ቃሌን የፈጸመችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሆዳን ናት። በዚያው ሳምንት አንድ የማያምር መልእክት ደረሳት። እንደማንኛውም ደብዳቤ በወረቀት አተመችው፣ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም መታችበት፣ ቁጥር ሰጠችውና ቢሮዬ ድረስ መጥታ መዝገቧ ላይ አስፈረመችኝ። ዕድሜዋን መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ሌላ ምን ታድርግ? ለእሷ ያልተመዘገበ ነገር አልደረሰም ማለት ነው።

እኔ ግን ሳቅኩ። ብቻዬን ስቄ ብተወው ምን ነበረበት? በሚቀጥለው ሥልጠና ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለአዳራሹ አሳየሁና «ሌባውን በር ላይ ተቀብላ ፈርም አለችው» አልኩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሆዳንም ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎተት አድርጋ አብራ ሳቀች። ያልኩትን በትክክል የፈጸመች እሷ ብቻ መሆኗን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ሳቁ ጥሞኝ ነው።

ከወር በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ለምሳ ልወጣ ቁልፌን ይዤ ስነሣ መጣች። የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ማኅተም የለውም፣ ቁጥር የለውም፤ መዝገቧንም አላመጣችም።

«ወላል፣ ወንድሜ፣ ይሄን እየው እስቲ። ከኃላፊያችን የመጣ ይመስላል፤ ግን የእሱ አይደለም» አለችኝ።

እሺ አልኳትና ሳልገልጠው ኪሴ ከተትኩት። ጓደኞቼ ጫት ገዝተው እየጠበቁኝ ነበር፤ ከሰዓት ሥራ አልገባሁም። «ይህን መልእክት እንዳትከፍቱ» ብሎ ለሠራተኛው በስልክ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እኔ ያንን አላደረግኩም።

ያን ዕለት ከሰዓት ያው መልእክት የደረሰው ሌላ ሠራተኛ ከፈተው። በማግሥቱ ጠዋት ስንገባ ኮምፒውተሮቹ ከመልእክቱ ጋር በገባ ቫይረስ ተቆልፈዋል። የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርልን ያሉ መንደሮች ማመልከቻ በሙሉ ጠፋ፤ ሽማግሌዎቹ እንደገና ለማመልከት በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ጅጅጋ መጡ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። መልእክቱ መጀመሪያ የደረሰው ለሆዳን መሆኑን ደረሱበት። ለምን አላሳወቅሽም አሏት። ለኮምፒውተር ባለሙያው ሰጥቼዋለሁ አለች። እንግዲያው መዝገብሽን አምጪ አሏት። መዝገቡ ላይ የለም። እንዴት ይኖራል? እኔው በሰው ፊት አሳፍሬ ያስተውኳት ነገር ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አልደረሰኝም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልመከረኝም። ወረቀቱ ቤቴ፣ ያን ዕለት ለብሼው በነበረው ሱሪ ኪስ ውስጥ ነበር። እኔ ዋሸሁ፤ ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ። ሆዳን በቸልተኝነት ጥፋት አድርሳለች የሚል ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ ገባ፤ እሷም ርቃ ወደምትገኘው ጉናጋዶ ተዛውራ ልጆቿን ይዛ ሄደች።

እኔስ? እኔማ ማሠልጠኔን ቀጠልኩ። በየዓመቱ እዚያው አዳራሽ ቆሜ «ስታዩ ንገሩኝ» እላለሁ። ማንም አይነግረኝም። ባለፈው ወር አንድ ሠራተኛ አጠራጣሪ መልእክት ደርሶት ለማንም ሳይናገር እንዳጠፋው ሰማሁ። ለምን አልነገርከኝም ብለው «እንደ ሆዳን ልሁን እንዴ?» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ዝምታን ነው ማለት ነው።

ያኔ ቆረጥኩ። የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ ፈርሜ ለኃላፊው ሰጠሁ፤ ያ ደብዳቤ ከፋይሏ እንዲነሣ ጠየቅኩ። ከሥራ ቢያባርሩኝ ይገባኛል፤ አልከራከርም። ከዚያ ለሆዳን ደወልኩ። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ ያኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ትልቋ ልጄ ግን ዕቃ ስንጭን፣ ‹እማዬ፣ አንቺ አጥፍተሽ ነው የምንሄደው?› አለችኝ። አይደለም አልኳት። አላመነችኝም። ከፈለግክ ለእሷ ንገራት።»

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ጉናጋዶ እሄዳለሁ። ደንግጬ ነው፣ እንጀራዬን ፈርቼ ነው፣ አስቤበት አይደለም አልልም። ፈርቼም ቢሆን አስቤበት ነው የዋሸሁት። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ፊቷ ቆሜ እናትሽ ነግራኝ ነበር፣ ዋሾው እኔ ነኝ እላታለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አልለምናትም። እኔን ትጥላኝ፤ እናቷን ትመናት።