ያልጠየቅሁት የክርስትና ስም

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ።

የልጆቼ አባት ሽንት እየከለከለው ሲቸገር ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ይዤው መጣሁ። የፕሮስቴት፣ የወንዶች እጢ፣ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ናሙና ተወስዶ ለምርመራ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ባለቤቴ ሐኪሙ ዘንድ ብቻውን ገባና ፈገግ ብሎ ወጣ።

«ካንሰር መሆኑስ ተረጋግጧል፤ ግን ለጊዜው ሕክምና አያስፈልግህም፤ ቤትህ ሂድ፣ በየጊዜው እየመጣህ ለምርመራ ደም ትሰጣለህ አለኝ።»

እኔ በልቤ አለቀስኩ። በእኛ አገር ሐኪም ቤታችሁ ውሰዱት ካለ ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው። ለበሽተኛው ደግሞ እውነቱ አይነገረውም።

አጠገቤ ከመዘዞ የመጣች ሴት ተቀምጣለች። የባሏ በሽታ ያው ነው፤ እሱ ግን ቶሎ ሕክምና እንዲጀምር ወደ አዲስ አበባ ተጽፎለታል። ቀናሁ።

«መቼም እናንተ ውስጥ ዘመድ ሳይኖራችሁ አይቀርም» አልኳት።

«ኧረ እኛ ከበጎቻችን በቀር ዘመድ የለንም» አለች ለስለስ ብላ። ቆይታ ደግሞ «እህቴ፣ የባልሽን የክርስትና ስም ንገሪኝ፤ በጸሎት ላስበው» አለችኝ።

«ወልደ ሚካኤል» ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ቤት ገብተን የነፍስ አባታችንን አስጠራሁ። ዘመድ እየመጣ ዓይኑን እየጠረገ ይወጣል። ባለቤቴ «ምን ሆናችሁ ነው እንደ ሟች የምታዩኝ?» ይል ነበር።

በቀጠሮው ቀን እሱን ውጭ አስቀምጬ ቀድሜ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። «ልጄ፣ አትደብቀኝ፤ መቼ ነው የሚሞተው?»

«እናቴ፣ ማን ይሞታል አለዎት? በደሙም በናሙናውም ያየናቸው ምልክቶች በሽታው ቀስ ብሎ የሚያድግ እንደሆነ ነው የሚያሳዩት። ይህን ዓይነቱን ዝም ብሎ ከመነካካት እየተከታተሉ ማየት ይሻላል። ያ ቶሎ የሚዛመተው ቢሆን ኖሮ መቼ ቤት እንልካቸው ነበር? በአስቸኳይ አዲስ አበባ ነበር የምንጽፍላቸው።»

ተመስገን ሳልል ባሏ ቶሎ ወደ አዲስ አበባ የተጻፈለት ያቺ የቀናሁባት ሴት ትዝ አለችኝ።

ስወጣ እሷም ባሏን ለክትትል አምጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። አፌን ሳልከፍት «ወልደ ሚካኤልስ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። ስሙን ይዛ ስትጸልይለት ከርማለች። እኔ የባሏን ስም እንኳ አልጠየቅኋትም።

«ደህና ነው አሉኝ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ከልቧ ነበር።

«ይቅር በይኝ። የአንቺስ ባል የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ገብረ ሥላሴ።»

የልጆቼ አባት ዛሬ እርሻው ላይ ነው። ደም ሰጥቶ በተመለሰ ቁጥር ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ስጸልይ ግን አስቀድሜ የማነሳው ገብረ ሥላሴን ነው። ሀፍረቱ ገና አልለቀቀኝም።